ስልክ መከልከል ይበቃል ወይ? ለጠየቁን መምህርት

ሰላም መምህርት። «የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አሳይመንት ከኢንተርኔት እንዳለ ገልብጠው ያመጣሉ። ስልክ ልከልክል? የእኔስ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁና ከሥራዬ ያየሁትን ልንገርዎ።

ክልከላ ለክፍል ሰዓት ጥሩ ነው። ትምህርት ላይ ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ በዚህ አልደራደርም። ልጁ ከግቢ ሲወጣ ግን ስልኩ እጁ ላይ ነው። የሌለውም የወንድሙን ይዋሳል። ማታ ብቻውን ሲፈልግ አጠገቡ ማንም የለም። ስለዚህ የመምህር ዋና ሥራ አፈላለጉን ቀን በተግባር ማሳየት ነው ባይ ነኝ።

እኔ የምጀምረው ከዓመተ ምሕረት ነው። አድዋ ላይ ስንደርስ «ጦርነቱ በስንት ዓመተ ምሕረት ተካሄደ? ፈልጋችሁ ኑ» እላለሁ። በማግስቱ አንዱ 1888፣ ሌላው 1896 ይላል። 1889 የሚልም አይጠፋም። ሦስቱንም ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ከየት አገኘኸው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «ከጎግል» ነው። ጎግል ግን ገጾችን ፈልጎ ያመጣል እንጂ ገጾቹን አይጽፍም። ገጹን ማን ጻፈው? መቼ? በየትኛው አቆጣጠር? ስልኬን ከፍቼ የማየውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የገጾቹን ስም ሰሌዳ ላይ አሰፍራለሁ። ያኔ ነገሩ ይፈታል። 1888 በእኛ፣ 1896 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። 1889 ያለው ልጅ ከ1896 ላይ 7 ቀንሶ ነው። 7 የሚቀነሰው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የሚቀነሰው 8 ነው። አድዋ ደግሞ የካቲት 23 ነው። ከዚህች ትምህርት በኋላ ልጆቹ ማንኛውም ገጽ ላይ ዓመት ሲያዩ «በማን አቆጣጠር?» ማለት ይለምዳሉ። ለዚህ ኮምፒውተር ላብም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም።

ቀጥሎ የምንሰጠውን ጥያቄ እንይ፤ ኩረጃው በብዛት የሚመጣው ከዚያ ነውና። «የአድዋ ጦርነት መንስኤዎችን ዘርዝሩ» ካልን መልሱ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ አለ፤ አምስት ገጽ አሳምሮ ይሰጣል። እኔ እንዲህ እላለሁ፦ «ሁለት ድረ ገጽ ፈልጉ፣ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩ። አንዱ ጽፎት ሌላው የዘለለውን ነገር አውጡ። የትኛውን አመናችሁ? ለምን?» ከወረቀቱ ግርጌ የፈለጉበትን ቃልና ሊንኩን ይጽፋሉ። ከዚያ ቆሞ ማስረዳት አለ፤ ግማሹ ማርክ እሱ ላይ ነው። ክፍልዎ ከተጨናነቀ በቡድን ያድርጉት። የሚያስረዳውን ግን እርስዎ ይምረጡ፤ አለዚያ ጎበዟ ልጅ ብቻዋን ትሠራለች፣ ሌላው ስሙን ያስጽፋል።

ቴሌግራምን ሳላነሳ አላልፍም። ልጆቻችን መጽሐፍም፣ ወርክሺትም፣ የድሮ ፈተናም የሚያገኙት እዚያ ነው። ነገር ግን ፈተና ሲደርስ «ፈተናው እጃችን ገብቷል፣ ብር ላኩ» የሚሉ ቻናሎች ይፈላሉ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በእርግጥ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ፣ ተሰርዞ እንደገና ተሰጥቷል። ያ አንድ ጊዜ እውነት ስለነበር ልጆች ዛሬም በቀላሉ ያምናሉ። «አትመኑ» ብሎ መምከር ብዙም አይሠራም። እኔ ራሴ ቻናል እከፍትና አንድ መልእክት እለጥፋለሁ። በማግስቱ ጽሑፉን ቀይሬ አሳያቸዋለሁ። ቀኑና ሰዓቱ የትናንቱ እንደሆነ ይቀራል! «ከፈተናው በፊት ለጥፈን ነበር» የሚለው ማስረጃ እንዴት እንደሚሠራ በዓይናቸው ሲያዩ ሌላ ምክር አያሻም።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝን ልንገርዎ። አንዳንድ ሴት ተማሪዎች «ፎቶሽን እለጥፈዋለሁ» እየተባሉ ይሰቃያሉ። ብዙዎቹ ለቤተሰብ አይናገሩም፣ ቁጣውን ይፈራሉ። ለእርስዎ የነገረችዎት ልጅ ካለች ትልቅ አደራ ሰጥታዎታለች። «ለምን ላክሽ?» ብለው አይጀምሩ። መልእክቶቹን እንዳታጠፋ ይንገሯት፤ ስክሪንሾት ታንሳ፣ ብር እንዳትልክ። ከዚያ ለምታምነው የቤተሰብ ሰው እንድትነግር አብረዋት ይሁኑ፣ ፖሊስ ዘንድ ስትሄድም አይለዩዋት። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለው ማስፈራራት ያስቀጣል። ይህንን ልጆቹ ሁሉ ሊያውቁት ይገባል፤ ወንዶቹም ጭምር፣ «ቀልድ ነው» ብለው የሚያደርጉት አሉና።

ስለ ዳታ ደግሞ አደራ። ኢንተርኔት የሚጠይቅ አሳይመንት በሰጠን ቁጥር ካርድ መሙላት የማይችል ልጅ ከኋላ ይቀራል። እኔ ፒዲኤፉንና አጫጭር ቪዲዮዎችን አንድ ጊዜ አወርድና በዜንደር ለክፍል አለቃው እልካለሁ፤ እነሱ ያለ ዳታ ይቀባበላሉ። ስማርት ስልክ ለሌላቸው ዋናዎቹን ገጾች አሳትሜ ቤተ መጻሕፍት አስቀምጣለሁ። የእርስዎ ትምህርት ቤት ማተሚያ ከሌለው ስልክ ካላቸው ጋር ቢያጣምሯቸው ይሻላል፤ ጥንዱን ግን ሰፈር ለሰፈር ያድርጉት፣ ማታ ተገናኝተው እንዲሠሩ።