ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ያየሁት የሂትለር «አቶም»

እህታችን ያነሳችው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ሂትለር አቶሚክ ቦምብ ለመታጠቅ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር የሚባለው እውነት ነው? የጀርመን ሳይንቲስቶችስ ሥራውን ሆን ብለው አዘግይተውታል?»

ለሁለቱም መልሴ «አይደለም» ነው። ሁለተኛውን «አይደለም» ለማለት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል። ወደ ጀርመን ከመምጣቴ በፊት ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምር ነበር። የጀርመንን የዩራኒየም ምርምር ይመሩ ከነበሩት ዋነኞቹ አንዱ የሆነው የፊዚክስ ሊቅ የቨርነር ሃይዘንበርግ ስም በተነሳ ቁጥር ለተማሪዎቼ «ይህ ሰው አውቆ እያጓተተ የሂትለርን እጅ ባዶ ያስቀረ ነው» እላቸው ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ የሚንጫጫው ክፍል ሁሉ ፀጥ ይልልኛል። ከየት እንዳገኘሁት እንኳ ዛሬ አላስታውስም።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ ሃይገርሎክ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከሽቱትጋርት በስተደቡብ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ገደሉ ላይ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ከገደሉ ሥር ደግሞ ድንጋዩን ፈልፍለው የሠሩት፣ ቀድሞ የአንድ መጠጥ ቤት ቢራ ይቀመጥበት የነበረ ዋሻ አለ። ሃይዘንበርግ የሚመራቸው የበርሊን ሳይንቲስቶች የቦምብ ድብደባውን ሸሽተው የመጨረሻ ሙከራቸውን ያደረጉት እዚህ ነው። ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በሐምሌ ሙቀት በሸሚዝ ገብቼ ተንቀጥቅጬ ወጣሁ። ወለሉ ላይ ክብ ጉድጓድ አለ፤ በውስጡም የኒውክሌር ማብላያው ቅጂ ተንጠልጥሏል፤ እንደ መቁጠሪያ በተርታ የተሰካኩ ጥቋቁር ኩቦች። እውነተኞቹ የዩራኒየም ኩቦች 664 ነበሩ። እያንዳንዱ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ መዳፍ ላይ ይቀመጣል፤ ክብደቱ ግን ከ2 ኪሎ ይበልጣል።

ኩቦቹን 1.5 ቶን ያህል ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከተራው የሚከብድ ውሃ) ውስጥ ይነክሯቸዋል። ውሃው ከአቶሙ እምብርት የሚወጡትን ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ የኒውትሮኖቹን ፍጥነት ይቀንሳል፤ የተሰነጠቀው አቶም የሚረጨው ኒውትሮን ደግሞ ቀጣዩን ይሰነጥቃል። ይህ ሰንሰለት ያለ ውጭ እርዳታ ራሱን ካስቀጠለ ማብላያው ሠራ ማለት ነው። በመጋቢት 1945 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ውሃውን ሲሞሉ ኒውትሮኖቹ ሰባት እጥፍ ገደማ በዙና እዚያው ቆሙ። ሰንሰለቱ ራሱን አልቻለም። አሜሪካኖች ይህንኑ ቺካጎ ውስጥ ያሳኩት ታኅሣሥ 2 ቀን 1942 ነበር። ደግሞም ማብላያ ቦምብ አይደለም፤ ከማብላያው ለቦምብ የሚሆነውን ፕሉቶኒየም ማውጣት፣ ወይም ዩራኒየሙን በግዙፍ ፋብሪካ ማበልጸግ ይቀራል። ጀርመን ውስጥ እንዲህ ያለ ፋብሪካ አልነበረም። «ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር» የሚለውን እዚህ ላይ ልተወው።

ይልቅ የሚገርመው እንዴት ወደ ኋላ እንደቀሩ ነው። ዩራኒየም እንደሚሰነጠቅ በ1938 መጨረሻ በሙከራ የደረሱበት ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ናቸው፤ ያውም በርሊን ላይ። የነገሩን ምንነት ያስረዳችው የሥራ ባልደረባቸው ሊዘ ማይትነር ግን ከአይሁድ ወገን በመሆኗ በዚያው ዓመት በጋ ወደ ስዊድን ሸሽታ ነበር። በጥር 1941 ጀርመናዊው ፊዚሲስት ቫልተር ቦተ በከባድ ውሃ ፈንታ ኒውትሮኖቹን ሊያዘገይ ይችል እንደሆነ ለማየት ግራፋይትን (የእርሳስ ውስጥ ካርቦን) ለካና ኒውትሮን ይበላል፣ አይሆንም አለ። ችግሩ ግራፋይቱ በበቂ አለመጣራቱ ነበር። ይህን ያስተዋለ ሰው አልጠፋም፤ ጦሩ ግን ማጣራቱ ውድ ነው ብሎ በከባድ ውሃ ረጋ። አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል» ይላሉ፤ እነዚህ የተከሉት አንድ ባላ ነው፣ እሱንም በሰው አገር። ከባድ ውሃው የሚመጣው ኖርዌይ ውስጥ ቬሞርክ ከሚባል ፋብሪካ ነበር። በየካቲት 1943 የኖርዌይ ኮማንዶዎች በሌሊት ገብተው ማምረቻውን አፈነዱት። በየካቲት 1944 ደግሞ የቀረውን ውሃ የጫነችው ጀልባ ቲን ሐይቅ ላይ በፈንጂ ሰጠመች፤ አብረው ከሞቱት 18 ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸው ኖርዌያውያን ነበሩ።

ሙዚየሙ ውስጥ ስቆም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው (ማንም ጤነኛ ሰው በሂትለር ውድቀት አይናደድም፤ መምህርነቴ ነው)። በዚያው ጊዜ ኩርት ዲብነር የሚመራው ተፎካካሪ ቡድን ሌሎች 400 ያህል ኩቦች ይዞ ለብቻው ይሞክር ነበር። ሁለቱ ክምችቶች ቢገናኙ ኖሮ የዋሻው ማብላያ ሳይሠራ አይቀርም ነበር። አልተገናኙም።

አሁን ወደ «ሆን ብለው ነው» እንምጣ። ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዞች አሥሩን የጀርመን ሳይንቲስቶች ካምብሪጅ አቅራቢያ ባለ የገጠር ቤት አስቀምጠው በተደበቀ ማይክሮፎን ያዳምጧቸው ነበር። ግልባጩ ለሕዝብ የተለቀቀው በ1992 ነው። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ማታ የሂሮሺማን ዜና ሲሰሙ ሃይዘንበርግ አላምንም አለ። ከዚያ ለቦምቡ የሚያስፈልገውን ዩራኒየም በቶን መቁጠር ጀመረ። ሃን «ቀድሞ ሃምሳ ኪሎ ትለኝ አልነበረም እንዴ?» ዓይነት ጥያቄ ሲያቀርብለት የረባ መልስ አልነበረውም። የሂሮሺማው ቦምብ የያዘው 64 ኪሎ ያህል ነበር። ሃይዘንበርግ ስሌቱን አስተካክሎ ለጓደኞቹ ያስረዳው ከሳምንት በኋላ ነው። አውቆ የደበቀ ሰው እንዲህ አይደናገርም። በዚያችው ማታ ካርል ፍሪድሪክ ፎን ቫይትሴከር «ያልተሳካልን ስላልፈለግን ነው» የሚል ሐሳብ ሲያነሳ፣ ሃን ይህን አላምንም፣ ባለመሳካቱ ግን አመሰግናለሁ አለ። እኔ ለተማሪዎቼ የነገርኳቸው ታሪክ የተወለደው እንግዲህ እዚያ ሳሎን ውስጥ፣ ከሽንፈት በኋላ ነው።

ለፍርድ ያህል፣ ሃይዘንበርግ ለሂትለር ቦምብ ለማስታጠቅ ሲሮጥ ነበር ማለቴም አይደለም። በሰኔ 1942 ለጦር መሣሪያ ሚኒስትሩ አልበርት ሽፔር በቶሎ የሚደርስ ነገር እንደሌለ ነግሮታል፤ የጠየቀው ገንዘብም ሚኒስትሩን በማነሱ አስገርሞታል። የአሜሪካው ሥራ በአንጻሩ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማና ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ ፈጅቷል።

ከተማሪዎቼ አንዱ ዛሬ ራሱ ፊዚክስ ያስተምራል። ከሃይገርሎክ እንደተመለስኩ ደውዬ ያንን ታሪክ እንዳይደግመው ነገርኩት። ሳቀና «መምህር፣ ልጆቹ ግን የድሮውን ነው የሚወዱት» አለኝ።