ኳስ አቁሞ ካንትሪ ልዝፈን ላለው ልጅ እህት

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ በጉልበቱ ምክንያት ፕሮፌሽናል ኳስ አቁሞ፣ ካንትሪ ሙዚቃ (የአሜሪካ ገጠር ዘፈን) ልጀምር ብሎ የካንትሪ ከተማ ወደምትባለው ናሽቪል ሊገባ ነው። አንድ «ድርጅት» ደግሞ ብር ከከፈለ ዘፈኑን ለትልልቅ ዘፋኞች እናደርሳለን ብሎታል፤ ይክፈል ወይ ብለሽ ነው የጠየቅሽው። እኔም የመጣሁት በዚሁ መንገድ ነው፤ ኳስ፣ ጉልበት፣ ጊታር፣ ናሽቪል። ስለዚህ ድምፁን ይለማመድ ምናምን አልልሽም።

1. እንዳይከፍል! ዛሬውኑ ደውይለት። እውነተኛ የሙዚቃ አሳታሚ የሚያገኘው ዘፈኑ ከሚያስገባው ላይ ነው እንጂ ከደራሲው ኪስ አይደለም። እንዲያውም ካመነበት ለደራሲው ቅድሚያ የሚከፍለው እሱ ነው። እኔን የገጠመኝ ቢሮ ሚዩዚክ ሮው፣ የናሽቪል የሙዚቃ ድርጅቶች ሰፈር ላይ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የማን እንደሆነ የማይነበብ የወርቅ ሸክላ ተሰቅሏል። ሰውየው ዘፈኔን ግማሹን እንኳ ሳይሰማ በስልኩ ማልያ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ መፈለግ ጀመረ። «ታሪክህ ይሸጣል» አለኝ። ከክለቡ ስሰናበት የተሰጠኝን ገንዘብ ተቀበሉኝ። የሰጡኝ ዴሞ (የዘፈኑ የናሙና ቅጂ) ከበሮው የኮምፒውተር ነው፣ የሁለተኛው አንጓ ግጥም ጭራሽ ተዘሏል። ልጠይቅ ስሄድ ጸሐፊዋ ከስክሪኗ ቀና ሳትል «ኢሜይል ላክ» አለችኝ። ለማን? ስላት ለራሷ! እዚያው ፊቷ ቆሜ ጻፍኩላት፤ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ፣ አላነሳችውም። እስካሁንም መልስ የለም።

2. መጀመሪያ ደራሲ ይሁን። የስፖርተኛ ስም አንድ በር ያስከፍታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ዘፈን ነው። ማይክ ሪድ ለሲንሲናቲ ቤንግልስ የተጫወተ ግዙፍ የአሜሪካን ፉትቦል ተከላካይ ነበር፤ ለፕሮ ቦውል፣ ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ፣ ሁለት ጊዜ ተመርጧል። ከ1974 የውድድር ዘመን በኋላ በቃኝ አለ፣ በ1980 ናሽቪል ገባ፣ ለካንትሪ ዘፋኙ ሮኒ ሚልሳፕ በጻፈው ዘፈን ግራሚ ወሰደ። ራሱ ዘፍኖ ቁጥር አንድ የወጣው ግን በ1991 ነው። ካንትሪ ዘፋኙ ሳም ሀንትም ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ የሚባል የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሙከራ አድርጎ ሳይሳካለት ሲቀር ለነኬኒ ቼዝኒ፣ ለታወቁ የካንትሪ ዘፋኞች ጽፏል። የ126 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት የነበረው የቤዝቦሉ ባሪ ዚቶ እንኳ እዚህ መጥቶ ዘፈን መጻፍ ነው የተያያዘው። ወንድምሽ ከሱ አይበልጥም፣ ይቅርታ አድርጊልኝና።

«ጥቁር ነው፣ ይቀበሉታል ወይ?» ላልሽው፣ ጥቁሩ የካንትሪ ዘፋኝ ቻርሊ ፕራይድ በኔግሮ ሊግ፣ በጥቁሮች የቤዝቦል ሊግ፣ ለሜምፊስ ሬድ ሶክስ ኳስ ይወረውር የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ሸክላዎቹ ለሬዲዮ ጣቢያ የተላኩት ያለ ፎቶ ነበር። በ1971 የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ አለው። ዛሬም መድረክ ላይ ስወጣ ዞር ብለው ያዩኛል፤ ይዩኝ፣ ማየት ምን አለው።

3. ሥራ ሲይዝ የማታ ፈረቃ ይያዝ። እዚህ ዘፈን የሚጻፈው ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ሆኖ ነው፣ ቀጠሮው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው በእኛ አቆጣጠር። እኔ ሌሊት ታክሲ እየነዳሁ ብሮድዌይ፣ የመሸታ ቤቶቹ መንገድ ላይ የሰከረ ሳመላልስ አድሬ ነው የምገባው። ዘፈኑ ሲያልቅ የእያንዳንዱን ደራሲ ድርሻ እዚያው ክፍል ውስጥ ይጻፉት፤ ልማዱ እኩል ነው። በኋላ ገንዘብ ሲመጣ ጓደኝነት አይታወቅም፣ ይሄንንም በደንብ አይቼዋለሁ፣ ሌላ ቀን እነግርሻለሁ። ዘፈን በሬዲዮና በመድረክ ሲሰማ ለደራሲው ክፍያ የሚሰበስቡት ቢኤምአይ ወይም አስካፕ ዘንድ ይመዝገብ። ከ2021 ጀምሮ የስትሪሚንግ ክፍያ የሚሰበስበው ኤምኤልሲም አለ፣ መመዝገቢያው በነፃ ነው። እነዚያ የቢሮው ሰዎች ግን «ምዝገባ» ብለው ብር ነበር የጠየቁኝ!

ሰኞ ሰኞ ብሉበርድ ካፌ ኦፕን ማይክ (ማንም ዘፈኑን የሚያቀርብበት ማታ) ይሂድ። ከመቶ ሰው በታች ነው የሚይዘው፤ የሚያወራ ሰው ካለ እሽሽ ይባላል። እኔ እዚያ ተጫውቻለሁ፣ ያ ቢሮ በወር የማያስገኘውን ሰው በአንድ ማታ ተዋውቄያለሁ። አብሮኝ የሚጽፈውን ልጅ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ባለፈው ዓመት አንድ የቴክሳስ ዘፋኝ ዘፈናችንን ቀድታዋለች። ትልቅ ስም የላትም፣ ግን ቼኩ መጥቷል።

ውሉን ከላኩለት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስተሽ በውስጥ ላኪልኝ። ከፍሎም ከሆነ በካርድ ከሆነ ዛሬውኑ ባንኩን ያናግር፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ማስመለሱ ይከብዳል። እስከዚያ ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም።