ፋይሎቻችን ተቆልፈዋል፣ እንክፈላቸው?

ጥያቄ፦ የቢሮአችን ሰርቨር ላይ ያለው የሂሳብ ፋይል በሙሉ ስሙ ተቀይሮ አልከፍት አለ፣ ክፈሉ የሚል ጽሁፍም ትተውልናል። ባክአፕ ሃርድዲስክ ላይ አለን፣ እንሰካው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትሰኩት! ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚያስጠይቀው ፕሮግራም (ራንሰምዌር) እሱንም ይቆልፍባችኋል። መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ ዋይፋዩንም አጥፉ፣ ከዛ የተቆለፉትን ፋይሎች ከነጽሁፉ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ ምክንያቱም መፍቻው ዛሬ ባይገኝ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ዩሮፖል (የአውሮፓ ህብረት የፖሊስ ትብብር ድርጅት) እና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከሌሎች ጋር ሆነው በ2016 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ኖ ሞር ራንሰም የሚባል ሳይት አለ፣ አንድ ሁለት የተቆለፈ ፋይል ጫኑበት፣ ራንሰምዌሩን ካወቀውና መፍቻ ካለው በነጻ ታገኛላችሁ። ባክአፑን ሲስተሙ እንደ አዲስ በተጫነበት ማሽን ላይ ብቻ መልሱ፣ ባክአፑ የተወሰደበትን ቀንም እዩ፣ ሰዎቹ ሳይቆልፉ በፊት ለሳምንታት ሲስተሙ ውስጥ ተደብቀው ሊቆዩ ይችላሉ (እሱ ነው የሚያናድደው)። መክፈሉን አልመክርም፣ ከፍለውም ፋይላቸው በሙሉ ያልተመለሰላቸው አሉ። የአድሚን ፓስወርዶችንም ከንጹህ ኮምፒውተር ቀይሩ።