ከዊንዶውስ ጎን የትኛው ሊኑክስ? ጥያቄና መልስ ስለ ዱአል ቡት

ዊንዶውስን ሳያጠፉ በዚያው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ፣ ሚንት፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራ የመሳሰሉ ብዙ ዓይነቶች ያሉት ሲስተም) ስለመጫን የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ስትጠይቁ የራሙን መጠን፣ የግራፊክስ ካርዱንና የዋይፋይ ቺፑን ስም ጻፉ። ያለ እነሱ «የትኛው ይሻላል?» ማለት ቁጥር ሳይናገሩ ጫማ እንደ ማዘዝ ነው።

ጥ፦ ሊኑክስ ነክቼ አላውቅም። ራም 8 ጊጋ፣ ግራፊክሱ ኢንቴል፣ ኤስኤስዲው 256 ጊጋ ነው። ከምን ልጀምር?

መ፦ ከሊኑክስ ሚንት፣ ሲናመን ከሚባለው እትም። ሜኑው፣ የታችኛው መስመር፣ የፎልደሩ አከፋፈት ዊንዶውስ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንም። መሠረቱ ኡቡንቱ ስለሆነ ለኡቡንቱ የተጻፈ መፍትሔ አብዛኛው ይሠራለታል። የ22 ተከታታይ እትሞች እስከ 2029 አፕዴት ያገኛሉ። ኡቡንቱ 24.04 ራሱም ጥሩ ነው፤ ምርጫው በገጽታው ይወሰናል። ካለህ 256 ጊጋ 60ውን ለሊኑክስ ስጥ። 25 ጊጋ ይበቃል ሲባል ብትሰማ፣ ለመጫን እንጂ ለመሥራት አይበቃም።

ጥ፦ ታዲያ ፌዶራና አርች ለምን እንዲህ ይወደሳሉ?

መ፦ ያለ ምክንያት አይደለም። ፌዶራ ከርነሉን (ሃርድዌሩን የሚያሠራውን የሊኑክስ እምብርት) ቶሎ ቶሎ ያድሳል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ገና ገበያ ላይ የወጣ ከሆነና ሚንት ዋይፋዩን ወይም ድምፁን ካላወቀው መጀመሪያ የሚሞከረው እሱ ነው። ዕዳው ደግሞ አንድ እትም 13 ወር ያህል ብቻ መደገፉ ነው፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ወደሚቀጥለው መሸጋገር ግድ ነው። አርች የእትም ቁጥር የለውም፣ አፕዴቱ አያቋርጥም፤ አንዳንዴ አፕዴት ከማድረግ በፊት ማስታወቂያውን አንብቦ በእጅ የሚስተካከል ነገር ይኖራል። ነገ ጠዋት ሥራ የሚጠብቀው ሰው በአርች እንዲጀምር አልመክርም። ዴቢያን የተረጋጋ ነው፤ ከ12ኛው እትም (2023) ወዲህ የዋይፋይ ፈርምዌር (ቺፑ እንዲሠራ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር) መጫኛው ውስጥ ስለሚመጣ የድሮው ችግሩ ተቃልሏል።

ጥ፦ የእኔ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ነው።

መ፦ ቀለል ያሉትን፣ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ወይም ሉቡንቱ። ግን ራሙን የሚበላው በዋናነት ብራውዘሩ ነው፤ ዴስክቶፑን ማቅለል ያንን አያድንም። ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ከሆነ ከማንኛውም የሊኑክስ ምርጫ ይልቅ በኤስኤስዲ መቀየሩ ለውጥ ያመጣል።

ጥ፦ የሊኑክስ መጫኛ ያለበትን ፍላሽ አዘጋጅቻለሁ። ዊንዶውሱ ላይ አስቀድሜ ማድረግ ያለብኝ ምንድን ነው? (ሴት ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ እዚሁ ላይ ነው)

መ፦ እህቴ፣ ብዙው ብልሽት የሚጀምረው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለሽ አንብቢው። መመረቂያ ጽሑፍሽን ከዚህ ላፕቶፕ ውጪ ሌላ ቦታ ሳትገለብጪ ምንም አትንኪ።

ቀጥሎ ቢትሎከር፣ ዲስኩን የሚመሰጥረው የዊንዶውስ ጥበቃ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩ ተመስጥሮ ይገኛል። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ ሴኪዩር ቡትን (ያልታወቀ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ) ወይም የመነሻ ቅደም ተከተሉን ስትቀይሪ የደኅንነት ቺፑ ለውጡን አይቶ ቁልፉን አልሰጥም ሊል ይችላል፤ ያኔ ዊንዶውስ ባለ 48 አሃዝ ቁልፍ ይጠይቅሻል። ከማይክሮሶፍት አካውንትሽ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ጻፊው። እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም።

ፋስት ስታርትአፕን አጥፊ። ሲበራ ዊንዶውስ «ሻት ዳውን» ቢባልም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዲስኩን ግማሽ እንደተከፈተ ይተወዋል። ሊኑክስ እንዲህ ያለ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሲያገኝ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል፤ በግድ ከተጻፈበት ፋይል ይበላሻል። የሚጠፋው ኮንትሮል ፓነል ውስጥ፣ ፓወር ኦፕሽንስ ሥር፣ የፓወር በተኑን ሥራ ከሚወስነው ገጽ ላይ ነው።

በመጨረሻ ዲስክ ማኔጅመንትን ከፍተሽ ሲ ድራይቭ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጊና ሽሪንክ በይው። 60 ጊጋ ለመልቀቅ 61440 ጻፊ። 100 ጊጋ ባዶ እያለ 20 ብቻ እለቃለሁ ካለ መሐል ላይ የማይነሱ ፋይሎች ተቀምጠዋል ማለት ነው፦ ፔጅ ፋይል፣ የሀይበርኔሽን ፋይል፣ የሪስቶር ፖይንት። ለጊዜው አጥፍተሻቸው፣ ሪስታርት አድርገሽ ድገሚ። የተለቀቀውን ቦታ ግን ባዶውን ተዪው፤ አዲስ ድራይቭ አትፍጠሪበት።

ጥ፦ መጫኛው ፍላሹን ብቻ ነው የሚያሳየኝ፣ ዲስኬ የለም!

መ፦ ዲስኩ አለ፤ በኢንቴል አርኤስቲ ወይም ቪኤምዲ (ዲስኩን የሚያስተዳድሩ የኢንቴል አሠራሮች) ሥር ተደብቆ ነው። ባዮስ ውስጥ ገብተህ ዝም ብለህ ወደ ኤኤችሲአይ (ሊኑክስ ወደሚያውቀው መደበኛ አሠራር) ብትቀይረው ዊንዶውስ በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ ለአዲሱ አሠራር የሚሆነውን ድራይቨር ሲነሳ አይጭነውምና። መንገዱ ይህ ነው፦ የቢትሎከር ቁልፍህን ያዝ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ኤምኤስኮንፊግን ክፈት፣ ቡት የሚለው ገጽ ላይ ሴፍ ቡትን ምረጥ። ሪስታርት ስታደርግ በቀጥታ ባዮስ ግባና ቀይር። ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ አንዴ ከተነሳ ድራይቨሩን ራሱ ያስተካክላል፤ ከዚያ የሴፍ ቡቱን ምልክት አንሳ። ሴፍ ሞድ ላይ ፒን እንቢ ሊል ስለሚችል የአካውንቱን ፓስወርድ እወቀው። ሰማያዊው ስክሪን አስቀድሞ ከመጣብህም አትደንግጥ፤ ባዮሱን ወደነበረበት ስትመልስ ይነሳል።

ጥ፦ ኤንቪዲያ አለኝ። ከፍላሹ ሲነሳ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል።

መ፦ ከፍላሹ የመጀመሪያ ሜኑ ላይ በኡቡንቱ «ሴፍ ግራፊክስ»፣ በሚንት «ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ» የሚለውን ምረጥ። ከጫንህ በኋላ ድራይቨር ማኔጀር ውስጥ «ሪኮመንድድ» የተባለውን ውሰድ። ሴኪዩር ቡት በርቶ ከሆነ ፓስወርድ ያስፈጥርሃል። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ገጽ ይመጣና 10 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ማንኛውንም ቁልፍ ተጭነህ «ኢንሮል ሞክ» ብለህ ያንኑ ፓስወርድ አስገባ። ካመለጠህ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም። «ጫንኩት ግን ምንም አልተለወጠም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

ጥ፦ ሴኪዩር ቡትን ላጥፋው ወይስ ልተወው?

መ፦ ለኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ፌዶራና ዴቢያን ተወው። የአርች ፍላሽ ግን ካልጠፋ አይነሳም። ኦገስት 2024 ላይ የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን በሴኪዩር ቡት አግዶ ብዙ ሰው ሊኑክሱ አልነሳ ብሎት ነበር። ስለዚህ የቆየ ፍላሽ አትጠቀም፤ አዲሱን አውርድ።

ጥ፦ እርስዎ ባሉት መሠረት ሚንት ጫንኩ፤ ማሽኑ ግን በቀጥታ ዊንዶውስ ያስነሳል።

መ፦ ባዮስ ይግቡና በመነሻ ዝርዝሩ ላይ «ኡቡንቱ» የሚለውን ወደ ላይ ያውጡት። ሚንት ጭነው ኡቡንቱ ማየትዎ ስሕተት አይደለም፤ ሚንት እዚያ የሚመዘገበው በዚያ ስም ነው። ዊንዶውስ ትልቅ አፕዴት ካደረገ በኋላም ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ መፍትሔው ያው ነው። ስሙ ጭራሹኑ ከሌለ ፍላሹ የተነሳው በሌጋሲ ሞድ (በድሮው አነሳስ) ሊሆን ይችላል። ከፍላሹ እንደገና ሲያስነሱ ዩኢኤፍአይ (የአዲሱ አነሳስ ስም) የሚል ቃል ከፊቱ ያለውን ይምረጡ።

ጥ፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ሜኑው ላይ ዊንዶውስ የለም።

መ፦ ግራብ (የመነሻ ሜኑውን የሚያመጣው የሊኑክስ ማስነሻ) ከ2.06 እትሙ ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገውን ኦኤስ-ፕሮበር በራሱ አያበራም። የግራብ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ አብራውና ሜኑውን እንደገና አስፈጥር። ዊንዶውሱ አልጠፋም።

ጥ፦ ከአንዱ ወደ ሌላው ስቀያየር ሰዓቱ ይዛባል።

መ፦ ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት፣ ሊኑክስ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያነቡታል። ሊኑክስ ላይ በታይምዴትሲቲኤል ትእዛዝ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢ ሰዓት እንዲያነብ አድርገው።

ጥ፦ ፖፕ ኦኤስ የተባለው ሊኑክስ «ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑ ትንሽ ነው» አለኝ።

መ፦ ልክ ነው። ማስነሻዎቹ ለሚቀመጡበት ለዚህ ፓርቲሽን ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋ ብቻ ይመድባል። ግራብ ለሚጠቀሙት ይበቃል፤ ፖፕ ግን ከርነሎቹን ራሳቸውን እዚያ ስለሚያስቀምጥ አይበቃውም። ከባዶው ቦታ 1 ጊጋ ቆርሰህ የራሱን ኢኤፍአይ ፍጠርለት።

ጥ፦ ባልወደውስ፣ እንዴት ላጥፋው?

መ፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። መጀመሪያ ባዮስ ውስጥ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀርን ከላይ አድርግ፤ ዊንዶውስ በቀጥታ መነሳቱን ካየህ በኋላ በዲስክ ማኔጅመንት የሊኑክሱን ፓርቲሽኖች አጥፋ። ቦታው ከሲ ድራይቭ የተቆረሰ ስለሆነ አጠገቡ ነው፤ ኤክስቴንድ ስትለው ይመለሳል። ኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን ግን እንዳትነካ፤ ዊንዶውስም የሚነሳው ከእሱ ነው።