ተጠጋግቶ መኖር ያሳምማል? ጠይቁኝ

በከተማ ውሃና ንጽህና ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። «ሰው የበዛበት ሰፈር በሽታ አያጣውም» የሚለው ክርክር ሰሞኑን ስለበረታ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥቂቶቹ እነሆ።

ጥያቄ፦ በኮሮና ጊዜ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነበርን። ያ ደረጃ እስካሁን ያስፈራናል። ባለቤቴ ከከተማ ወጣ ብለን ግቢ እንግዛ ትላለች። ልክ ናት?

መልስ፦ ፍርሃቷ ይገባኛል ወንድሜ። በ2012 እኔም የደረጃውን ብረት ላለመንካት እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር የምወጣው። ግን ሁለት ነገር አናምታታ። በአንድ ሄክታር ስንት ሰው ይኖራል ሌላ፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው ይተኛል ሌላ። እናንተ የራሳችሁ ሽንት ቤትና መስኮት ነበራችሁ። ከታች ያለው የቀበሌ ቤት ከመንገድ ሲታይ ዝቅ ያለ ነው፣ አያስፈራም። ውስጡ ግን ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ያድራል፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ዓይናችን የሚፈራው ፎቁን ነው። ሆንግ ኮንግ በፎቅ ላይ ፎቅ የተደረደረች ከተማ ናት። በመጀመሪያው የወረርሽኝ ዓመት የሞተባት ሰው ግን ጥቂት ነበር። ቆይቶ በ2022 እ.አ.አ. ብዙ አረጋውያን አልቀውባታል፤ አብዛኞቹ ክትባቱን በደንብ ያልወሰዱ ነበሩ። ፎቆቹ ያው ነበሩ።

ጥያቄ፦ ኅዳር ሲታጠን ከዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በደንብ። በኅዳር 1911 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ሺዎችን ጨረሰ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። እስካሁን ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ጢሱ በሽታ ያባርራል ብለን ነው። ለንደንም በ1854 እ.አ.አ. ኮሌራ ሲገባ የመጥፎ ሽታ ጣጣ ነው ይባል ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን የሞቱትን ቤት ለቤት ቆጥሮ ብሮድ ስትሪት ያለች አንዲት የውሃ ፓምፕ ላይ ደረሰ። እዚያው አጠገብ የነበሩት የቢራ ጠማቂ ሠራተኞች ተረፉ። ቢራ ይጠጡ ነበር፣ የራሳቸው ጉድጓድም ነበራቸው። (የጠላ ወዳጆች፣ ሰበብ አታድርጉት።) የተጨናነቀው ሰፈር አንድ ነው፤ የሚጠጡት ውሃ ተለያየ።

ጥያቄ፦ «ለጤና ሲባል» ተብሎ ሰፈር ሲነሳ ልመን?

መልስ፦ በ1901 እ.አ.አ. ኬፕታውን ወረርሽኝ ገባና ጥቁሮቹን ነዋሪዎች በግድ ከከተማው ዳር አሰፈሯቸው፤ ንዳቤኒ የሚባለው ሰፈር እንዲህ ተጀመረ። ወረርሽኙ ሰበብ ሆነ፣ መለየቱ ግን ጸና። ስለዚህ አዲሱ ቦታ ላይ ውሃና ፍሳሽ ቀድሞ ገብቷል ወይ ብለህ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሊፍት ውስጥ የሚያስነጥሱትንስ?

መልስ፦ ክርናቸውን አሳያቸው።

ጥያቄ፦ ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት ብርድ ይመታናል። እርስዎስ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ሹራብ ልበሺ እህቴ። ቲቢም ኮሮናም የሚወዱት የታፈነ አየር ነው። አንዱ መስኮቱን ገርበብ ሲያደርግ ከኋላ «ዝጋው!» የሚል አይጠፋም። የመጀመሪያው ጠያቂም ይህን ያስብበት። ከከተማ ወጣ ያለው ግቢ ደስ ይላል፤ ግን ጠዋትና ማታ መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ ውስጥ አንድ አንድ ሰዓት ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ አለ።