«ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ» ይላሉ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ በዲጂታል ክህሎት ትምህርት ቤቶች በነጻ ከሚያስተምሩ ወጣቶች የመጡ ናቸው፤ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ለማታውቁኝ፦ በጽሕፈት መኪና ዘመን የታይፕ መምህርት ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዳዲስ በጎ ፈቃደኛ መምህራንን አግዛለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መሠረታዊ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ባለሱቆች፣ እናቶች፣ 12ኛን የጨረሱ ልጆችና አንድ ጡረተኛ መምህር ናቸው። በፕሮጀክተር እያሳየሁ «ገባችሁ?» ስላቸው ሁሉም «አዎ» ይላሉ። ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞሩ ግን ፋይል እንኳ ሴቭ ማድረግ ያቅታቸዋል። ወር ሳይሞላ ግማሾቹ ቀሩ። ምን ላድርግ? (በጎ ፈቃደኛዋ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ «ገባችሁ?» የሚለውን ከዛሬ ጀምሮ ተይው። በእኛ አገር መምህር እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ማለት ጨዋነት ነው፤ አልገባኝም ያለ ሰው መምህሩን ያሳፈረ ይመስለዋል። እኚያ ጡረተኛማ ዕድሜ ልካቸውን «ገባችሁ?» ሲሉ ኖረው፣ ዛሬ በልጃቸው ዕድሜ ላለች መምህርት «አልገባኝም» እንዲሉ አትጠብቂ። «እስቲ ሲሠሩት ልይ» በያቸውና ዝም ብለሽ ቁሚ።

ዝምታው ነው የሚከብደው። ተማሪው ቀስቷን ሲያጣት፣ ቀኝና ግራውን ቁልፍ ሲያምታታ፣ እጅሽ ሳታስቢው ወደ ማውሱ ይሄዳል። አትንኪ! ለአዲስ መምህራን የምሰጠው የመጀመሪያ ሕግ «እጅ ወደ ኋላ» ነው። አንቺ ቶሎ ብለሽ የጨረስሽለትን ነገር ቤቱ ገብቶ አይደግመውም። በአፍሽ ንገሪው፦ «ከላይ፣ በግራ በኩል። እሱን ይጫኑ። አሁን ይጠብቁ።» ሁለት ሰው በአንድ ኮምፒውተር ከተቀመጠ ማውሱን የሚይዘው ያልቻለው ይሁን፤ አለዚያ ልጁ ይሠራል፣ እናትየዋ ታያለች። ትልልቆቹን ደግሞ በሰው ፊት አታርሚ። ወንበር ስበሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው።

ስለቀሩት። የማስተማሪያ ወረቀትሽን ባላየውም የብዙዎቹን አውቀዋለሁ፦ በመጀመሪያ የኮምፒውተር ታሪክ፣ ቀጥሎ የኮምፒውተር ትውልዶች፣ ከዚያ ኢንፑትና አውትፑት፣ በመጨረሻ ዎርድ። ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ የኮምፒውተር አባት የሚባለውን ቻርልስ ባቤጅን ምን ያደርገዋል? በመጀመሪያው ቅዳሜ እያንዳንዱን «ኮምፒውተር ቢችሉ ነገ ምን ይሠሩበታል?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን ከስሙ ፊት ለፊት ጻፊ። ባለሱቁ የዱቤ መዝገቡን ይልሻል፤ ኤክሴል ክፈቺለት፦ ስም፣ የወሰደው፣ የከፈለው፣ ቀሪው። እዚያው ሁለት ቁጥር መቀነስ ከቻለ በሚቀጥለው ሳምንት ደብተሩን ይዞ ይመጣል።

ማንም የማያስተምረው፣ ለሁሉም የሚያስፈልግ አንድ ትምህርት አለ፦ የልደት ቀን መሙላት። መስከረም 1 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1997 ነው የምትለው። ቅጹ ወርን የሚያስቀድም ሆኖ እሷ 11 ብላ 9 ካስከተለች ኖቬምበር 9 ተወለደች ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ማስረጃዋ ከሌላው አልገጥም ይልና በየመስኮቱ ስትመላለስ ትኖራለች። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ኮምፒውተሩ 14:00 ሲል በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሁሉም የየራሱን ልደት በወረቀት እየቀየረ ይለማመድ። ይህን ለመሥራት መብራት እንኳ አያስፈልግም።

በአማርኛ መጻፍንም ወደ መጀመሪያው ሳምንት አምጪው። ኤስ ተጭነው ኢ ሲያስከትሉ «ሰ»፣ ኤል ብለው ኤ ሲያስከትሉ «ላ»፣ ኤም ብቻዋን «ም»፤ ስክሪኑ ላይ «ሰላም» ሲወጣ የሰዎቹን ፊት እይው። ኪማን የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ዊንዶውስም የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው። ከቢሮ የመጡ ጸሐፊዎች ካሉ «የድሮ ፋይሌ ተበላሸ» ማለታቸው አይቀርም። አልተበላሸም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ይሠራባቸው የነበሩት ፎንቶች ለላቲን ፊደል የአማርኛ ልብስ የሚያለብሱ ነበሩ። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቅና ዝባዝንኬ ይታያል። የድሮውን ፎንት ጫኚው፣ ጽሑፉ ይመለሳል።

መብራት ጠፋ ብለሽም ክፍሉን አትበትኚ። የኪቦርዱን ሥዕል በወረቀት አባዝተሽ አስቀምጪ። በእኔ ጊዜ ተማሪዎች ፊደሉ ተሸፍኖባቸው ነበር ጣታቸውን የሚያስለምዱት።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ኢሜይል ስንከፍት የማረጋገጫ ኮዱ በእኔ ስልክ እንዲገባላቸው ይለምኑኛል። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥራቸውንም ነግረውኝ «አንተው አስገባልኝ» ይላሉ። እምቢ ማለት ከበደኝ። (ከጅማ)

መልስ፦ ይክበድህ፣ ግን እምቢ በል። ያቺ ተማሪ ከዓመት በኋላ ፓስወርዷን ስትረሳ መክፈቻው ኮድ የሚላከው ለአንተ ነው፤ ያን ጊዜ አንተ ሌላ ከተማ ትሆናለህ። ጉግልም በአንድ ስልክ ብዙ አካውንት ሲከፈት ቁጥሩን አልቀበልም ይላል። የራሷ ስልክ ከሌላት የእህቷን ወይም የባሏን ታምጣ፤ ካልሆነ ኢሜይሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር።

ሚስጥር ቁጥር ሲገባ ደግሞ ፊትህን አዙር፤ ሁሉም እያየህ፣ በሙሉ ሰውነትህ ዙር። ነገ ከአንዱ ሒሳብ ላይ 500 ብር ቢጎድል ቀድሞ የሚነሳው የአንተ ስም ነው። ከዚያ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለመምህሩ ቁጥሩን መንገር የለመደ ሰው «ከቴሌ ነው የምደውለው» ላለውም ይነግራል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ተለማመዱት። አንዱ ደዋይ ሆኖ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የገባልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ይበል፤ ሌላው ስልኩን መዝጋት ይለማመድ። ሰዎቻችን በሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ስለሚመስላቸው አጭበርባሪው እስኪጨርስ ያዳምጡታል። የመዝጋት ልምምዱ የዋዛ አይደለም። ስማርት ስልክ የሌላቸውንም አትርሳ፤ ቴሌብርን በ*127# ይለማመዱ።

ጥያቄ፦ ማውስ በቅጡ የማይዙ ተማሪዎቼ ሁሉ የ5 ሚሊዮን ኮደሮችን ሰርተፊኬት ነው የሚፈልጉት። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይፈረድባቸውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በትብብር የሚሰጥ ነጻ ሥልጠና ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ እየተባለ ስሙን ሲሰሙት ያጓጓል። ግን በኦንላይን ብቻውን ተቀምጦ እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው የተዘጋጀ ነው። አንብበው የሚረዱትን ለይተሽ ሌላ ሰዓት ስጫቸው። የቀሩት መጀመሪያ ፋይል አውርደው የት እንደገባ ማግኘት ይቻሉ። «አብረን እንሥራው» እየተባለ ፈተናውን መምህሩ የሚሠራበት ልማድ አለ፤ አንቺ አትግቢበት።

ጥያቄ፦ ከሥራ መልስ በሳምንት ሦስት ማታ አስተምራለሁ። ታክሲው ከኪሴ ነው። ተማሪዎች በሌሊት ሳይቀር ይደውላሉ። ለአስተባባሪው ስነግረው «ለበጎ ሥራ እኮ ነው» አለኝ። ልተወው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመተውህ በፊት አንድ ጊዜ ቁጭ ብለህ፣ በወረቀት ጽፈህ ጠይቀው። ደመወዝ አልጠየቅክም፤ የታክሲህን መጠየቅ ነውር የለውም። ሦስቱን ማታ ወደ አንድ አውርድ። አንድ መምህር ብቻውን ክፍል አይግባ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው በየወንበሩ ይዞራል፣ አንዱ ሲታመም ትምህርቱ አይቋረጥም። የምትጨርስበትንም ቀን ተነጋገሩ። መቼ እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው ነው አንድ ቀን ሳይናገር የሚቀረው፤ ስንት ጎበዝ ልጅ እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ።

ለስልኩ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈትላቸው፤ እሁድ ከሰዓት እመልሳለሁ በላቸውና ከዚያ ውጪ አትመልስ። ለሁለት ሳምንት ያኮርፋሉ። ከዚያ እርስ በርሳቸው ሲመላለሱ ታያለህ፤ አንዳንዱ መልስ ከአንተም የተሻለ ይሆናል።

አስተባባሪው ይህን ሁሉ እምቢ ካለ የያዝከውን ዙር ጨርስና በሰላም ውጣ። ስትወጣ የምስክር ደብዳቤ ጠይቅ፤ ምን እንዳስተማርክ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ለስንት ሰው፣ በማኅተም ይጻፉልህ። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል ብቻ ከሆነ ቀጣሪ አያነበውም፤ መልሰህ አስጽፈው።