በውሰት ሶሻል አትሥሪ

«ሜሪላንድ አክስቴ ጋ ሆኜ በተማሪ ቪዛ እየተማርኩ ነው። ግቢ ውስጥ ሥራ ስጠይቅ ሶሻል (ለሥራ የሚጠየቀውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) አምጪ ይሉኛል። አክስቴ ‹የልጄን ሶሻል ይዘሽ ሱቅ ተቀጠሪ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የጀመረው› ትላለች። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ የወንድሜን የትምህርት ክፍያ ትጠብቃለች። ዘመዶቼ ወደ ነርሲንግ ቀይሪም ይሉኛል» ብለሽ ጽፈሻል።

ነርሲንጉን አንቺ ከወደድሽው ቀይሪ፤ ለዘመድ ብለሽ ከሆነ ተዪው።

ወደ ሶሻሉ ልምጣ። ሱቁ ሲቀጥርሽ አይ-ናይን የሚባል ፎርም ያስሞላሻል። የመጀመሪያዋ ሳጥን «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የምትለው ናት። የአክስትሽ ልጅ ዜጋ ከሆነች በስሟ ስትገቢ ምልክት የምታደርጊው እዚያች ሳጥን ላይ ነው። ብዋሽ በሕግ እጠየቃለሁ ብለሽም ትፈርሚያለሽ። ያለ ፈቃድ መሥራቱ የተማሪነት ስታተስሽን ያሳጣሻል። ሳጥኗ ግን ከዚያም ትብሳለች። ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባለው ሕግ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ የዋሸ የውጭ ሰው ግሪን ካርድ እስከ ወዲያኛው ሊዘጋበት ይችላል። ነገ ዜጋ ብታገቢ እንኳ ትዳሩ አያድንሽም። አክስትሽ ክፉ አስበው አይመስለኝም፤ ግን በዲቪ የመጣ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ መሥራት ተፈቅዶለት ነው። የእሱ አጀማመር ላንቺ አይሆንም።

ሶሻል አምጪ ያሉሽም ነገሩን ገልብጠውታል። በተማሪ ቪዛ ላለ ሰው መጀመሪያ ሥራው ይገኛል፣ ቁጥሩ ኋላ ይመጣል። ግቢ ውስጥ የሚቀጥርሽ ክፍል ደብዳቤ ይጻፍልሽ፦ የሥራው ዓይነት፣ የምትጀምሪበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ የአለቃሽ ስምና ስልክ ይኑርበት። የውጭ ተማሪዎች ቢሮም የራሱን ይጨምርልሻል። ሁለቱን ደብዳቤዎች ከፓስፖርትሽ፣ ትምህርት ቤቱ ከሰጠሽ የአይ-ትዌንቲ ፎርምና አሜሪካ መግባትሽን ከሚያሳየው አይ-ናይንቲ ፎር ጋር ይዘሽ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂጂ። ስምሽ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን ቀድመሽ እዪ፤ የእኛ የአባትና የአያት ስም ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሥራው ሊጀመር ከ30 ቀን በላይ ከቀረው ማመልከቻሽን አያስተናግዱም። ክፍያ የለውም፤ «በገንዘብ አስጨርስልሻለሁ» የሚልሽን ሽሺው። ካርዱን እየጠበቅሽም መሥራት ትችያለሽ።

ትምህርት ላይ እያለሽ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ነው የሚፈቀደው። ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም የጀመርኩት ላይብረሪ መጽሐፍ እየደረደርኩ ነው። የመጀመሪያ የቢሮ ሥራዬን ያገኘሁት የላይብረሪዋ ኃላፊ ስለመሰከረችልኝ ነው፤ የተዋስሽው ስም እንዲህ ያለ ምስክር አያወጣልሽም። ካፍቴሪያም ይሁን ጂም፣ ያገኘሽውን ያዢ።

እናትሽን በተመለከተ፣ ዛሬውኑ ደውዪላትና እውነቱን ንገሪያት። በ20 ሰዓት ደሞዝ አንቺንም ወንድምሽንም ማስተማር አይቻልም። ተማሪ ልኮ ብር መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ይህን ማለት ነውር የለውም። ትቀየም ይሆናል። ለበዓል የአቅምሽን ላኪ፣ በየወሩ ግን ቃል አትግቢ።